ትኩስ ነገር አይመዘንም

እህቴና እኔ የተጣላነው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ያጣላንም ሁለት አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ፈተና ነበረባት። ፋርማሲስትነቱን ተምራ ጨርሳለች፤ የቀራት የሙያ ፈቃዱ ነው፤ ፈቃዱ ደግሞ ከቤት ሆነው፣ በኢንተርኔት፣ ካሜራ እያያቸው በሚፈተኑት የሦስት ሰዓት ፈተና ላይ የተንጠለጠለ ነው። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱን አምና ተጠቅማበታለች።

አምና የተፈተነችው በእኔ ላፕቶፕ ነበር። ከጀመረች አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ከክፍሏ ወጥታ «ቆመብኝ» አለችን። የፈተናው ፕሮግራም የተፈታኙን ፊትና የስክሪኑን እንቅስቃሴ ያለማቋረጥ ይቀርጻል፤ ምስሉ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከተቋረጠ ራሱን ይዘጋል፤ የተዘጋ ፈተና እንደ ወደቀ ይቆጠራል። በማግስቱ ላፕቶፑን ከፍቼ ፈተሽኩት። ሁሉም ነገር እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። «ምንም የለውም» አልኩ፣ እናታችን ባለችበት። ሌላ ነገር አልጨመርኩም፤ መጨመርም አላስፈለገኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የፈተናው ነገር ሲነሣ አንዳችን ወሬ ይቀይራል። እህቴም ቆመብኝ ማለቷን ተወች።

ዘንድሮ ግን የእኔን ላፕቶፕ በዓይኗ ማየት አልፈለገችም። የእናታችንን ጠየቀች።

የእኔው ቀጭንና ብርማ ነው፤ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከሥራ ባልደረባዬ የገዛሁት ነው። እህቴ ምላጭ ትለዋለች። የእናታችን ጥቁር፣ ወፍራም፣ አሥራ አንድ ዓመት የሞላው፣ ለማንሣት ሁለት እጅ የሚፈልግ ነው፤ ስሙም ጉማሬ ነው። እናታችን ሠላሳ አንድ ዓመት በጸሐፊነት ሠርታ ጡረታ ስትወጣ መሥሪያ ቤቷ አብሮ የሸኘው ነው። ጉማሬ ሲባል ደስ አይላትም። እሱ ጡረታ ወጣ እንጂ አልሰነፈም ትላለች፤ ስለ ላፕቶፑ ብቻ የምትናገር አይመስለኝም።

ጉማሬ እስኪከፈት ሰው ፊቱን ታጥቦ ይመለሳል። ይህን ለእህቴ ነገርኳት። መከፈቱን ማን ጠየቀህ፣ ከተከፈተ በኋላ ነው የምፈልገው አለች። ስሜት ሌላ ልኬት ሌላ ነው አልኳት። ቆማ ነበር የምታወራው፤ ፈተናው ከቀረበ ወዲህ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም፤ ቁርሷን እንኳ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እየሄደች ነው የምትበላው። በመጨረሻ ትለካቸው እንደሆነ ለካቸውና ገላግለኝ ብላ ወጣች።

መለካት እንጀራዬ ነው። የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ ቴክኒሺያን ነኝ። ውሃውን በትንሽ የሸክላ ሳህን አድርገን ምድጃ ውስጥ እናተንነዋለን፤ ከሥር የቀረውን ደቃቅ ነገር እንመዝናለን። እዚያ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ሕግ አንድ ነው፦ ትኩስ ነገር አይመዘንም። ከምድጃ የወጣ ሳህን በዙሪያው ያለውን አየር ያሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ሳህኑን ትንሽ ደገፍ ያደርገዋል፤ ሚዛኑም ይዋሻል። ስለዚህ ሳህኑ በተዘጋ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ከዚያ ይመዘናል፤ እንደገና ሞቆ፣ እንደገና አርፎ ይመዘናል፤ ሦስተኛም እንዲሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ይህን ሠርቻለሁ። እህቴ ስትናደድብኝ ሚዛኑ ትለኛለች፤ የምትፈልገው ነገር ሲኖር ወንድምዓለም እሆናለሁ።

ሁለቱን ላፕቶፖች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሁለቱንም ቻርጀር ላይ ሰካሁ፤ የማያስፈልገውን ፕሮግራም ሁሉ ዘጋሁ። ከመሥሪያ ቤት ያመጣኋቸው አንድ ሺህ ሁለት መቶ የናሙና ፎቶዎችን የያዘ ፎልደር ነበረኝ፤ ያንኑ ፎልደር በሁለቱም ላይ ገለበጥኩ። ሥራው ፎልደሩን ዚፕ ማድረግ፣ ፎቶዎቹን አጭቆ አንድ ፋይል ማድረግ ነው፤ አንጎላቸውን በደንብ የሚያለፋ ሥራ ነው። ሰከንዱን በስልኬ እይዛለሁ። አንዱ ሲጨርስ ይጠፋል፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ያርፋል፤ ሲቀዘቅዝ ተከፍቶ እንደገና ይሠራል። የሞቀውን ካልሞቀው ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

እህቴ በዕረፍቱ መካከል ትገባና ትወጣ ነበር። አንድ ጊዜ ጉማሬው ጠፍቶ እኔ ክንዴን አጣጥፌ ሰዓት ስጠብቅ ደረሰች።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እያረፈ ነው።»

«ሲነሣ ፊቱንም እናጥበዋለን» አለችና ተመልሳ ሄደች።

ምላጭ ዘጠና አራት፣ ዘጠና ሦስት፣ ዘጠና አራት ሰከንድ አመጣ። ጉማሬ መቶ ስድሳ አንድ፣ መቶ ስድሳ ሦስት፣ መቶ ስድሳ አንድ። እናታችን ወረቀቱን መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችውና በዚህ ዕድሜው የእሷው ከሁለት ሰከንድ በላይ አለመዛነፉን እንድንመሰክርላት ጠየቀች። መሰከርንላት። እህቴ ግን ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ ያዘችው። የምትለው ነገር እንዳላት ያስታውቅ ነበር። ቁጥር ፊት «እኔ ግን እንዲህ ሆኖብኝ ነበር» ማለት ከባድ ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም የተባለ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይከብደዋል።

«ይሁን» አለች። «ወረቀት አሸነፈኝ።»

ፈተናው የሚሠራበት ኮምፒዩተር አስቀድሞ መመዝገብ አለበት። ምዝገባው የሚዘጋው እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ከተመዘገበው ኮምፒዩተር በቀር በሌላ አይከፈትም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምላጭን አስመዘገበች። እኔ ከጎኗ ቆሜ ነበር።

እሑድ አራት ሰዓት ላይ መለማመጃ ፈተናውን በምላጭ ከፈተች። እኔ ሳሎን ተቀምጬ ጋዜጣ የማነብ እመስል ነበር፤ አንዱን መስመር አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሲሆን በሯ ተከፈተ። አልጮኸችም። በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ና እይ» አለችኝ።

ሄድኩ። ስክሪኑ ላይ ያለው ፊቷ አንድ ዓይኗ እንደተጨፈነ፣ አፏ ከፈት እንዳለ ደርቋል። ማውሱን ነካሁት፤ ቀስቱ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ዘሎ ሌላ ጥግ ታየ። ኢንተርኔቱ ይሆናል አልኳት። አጥፍቼ ትንሽ ቆይቼ ከፈትኩት፤ ፕሮግራሙም፣ ምስሉም፣ ማውሱም እንደ ትናንቱ ሆኑ። ይኸው አልኳት። እሷ የምታየው ኮምፒዩተሩን አልነበረም፤ እኔን ነበር። ከዚያ መጽሐፏን አንሥታ ወደ እናታችን ክፍል ሄደች፤ ጉማሬን ስትከፍተውም ከዚያ ድረስ ተሰማኝ፤ የቡና ወፍጮ ነው የሚመስለው።

ምላጭን ወደ ሳሎን ልወስደው ከሥሩ ይዤ አነሣሁት። ጣቶቼን አቃጠለኝ። ፍራሹ ላይ ጣልኩት።

ይህን ሁሉ ዓመት ሳህን የምይዘው በመቆንጠጫ ነው፤ ትኩስ ነገር በእጅ የመንካት ልማድ የለኝም። እዚያው ቆሜ የጣቴን ጫፍ እያሻሸሁ ሳለ ነው ነገሩ የገባኝ። ትናንት ዘጠና አራት ሰከንድ አሠርቼ አሥራ አምስት ደቂቃ አሳርፌዋለሁ። ሦስት ጊዜ። ከሃምሳ ደቂቃ ያላነሰ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ቆይቶ የሠራው አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አምናም በማግስቱ ነው የፈተሽኩት፣ ሌሊቱን ሙሉ አድሮ ከቀዘቀዘ በኋላ። እህቴ ግን ስትፈተን ዕረፍት የሚሰጣት የለም።

እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ፣ በሩን ዘግቼ እንደገና ለካሁ፤ አሁን ያለ ዕረፍት። አንዱ ዚፕ ሲያልቅ ወዲያው ሌላው። እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ ዘጠና አራት፣ ዘጠና አምስት እያለ ሄደ። አሥራ ሁለተኛው መቶ አሥራ ስምንት። አሥራ ሦስተኛው መቶ አርባ። አሥራ አራተኛው መቶ ዘጠና። አሥራ ሰባተኛው ላይ ሁለት መቶ አርባ ሰባት ሲያመጣ መቁጠሪያውን አቆምኩት። ኮምፒዩተር ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ፋኑ አቧራ ከያዘና ውስጡ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ከደረቀ ሰባት ዓመት የሞላው ሁሉ ያደርገዋል። ማንኛውም ጠጋኝ ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅኩም፤ ለክቼ ነበራ።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ከፍቶ ማጽዳት ነበር። ብሎኖቹ ባለ ኮከብ ራስ ናቸው፤ መፍቻ የለኝም፤ ጠጋኞቹ እሑድ ዝግ ናቸው፤ ሰኞ ሲከፍቱ እሷ ፈተና ላይ ናት። የምዝገባውን ስልክ ደወልኩ፤ የተቀዳ ድምፅ ሰኞ ከሁለት ተኩል ጀምሮ ደውሉ አለኝ። በረዶ፣ ማራገቢያ፣ ሌላም ሌላም አሰብኩ፤ ጠረጴዛው ላይ ከኮምፒዩተሩና ከአንድ ብርጭቆ ውሃ በቀር ምንም እንዳይኖር የፈተናው ሕግ ያዛል። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ። የእህቴ በሽታ ወደ እኔ መጣ፤ ክፍሉን በእርምጃ ለካሁት፣ በቁመቱ ስድስት፣ በወርዱ አራት ነው።

ከዚያ ሴቲንጉ ውስጥ የምፈልገውን አገኘሁ። የአንጎሉን ከፍተኛ ፍጥነት በመቶኛ መገደብ ይቻላል። መቶ የሚለውን ሰባ አደረግኩት። ዚፑ መቶ ሠላሳ ስምንት ሰከንድ ፈጀ። ዘገምተኛ ነው፤ ግን ሁለተኛውም መቶ ሠላሳ ስምንት፣ አምስተኛውም መቶ ሠላሳ ስምንት፣ አሥረኛውም መቶ ሠላሳ ዘጠኝ። ሥሩን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም።

እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ላለመናገር ወስኜ ቆየሁ። መድኃኒቱን አግኝቻለሁ፤ ማንም ሳያውቅ ሰባ እንዳለ ልተወው እችላለሁ፤ ነገ ኮምፒዩተሩ አይቆምም፤ እህቴም ትፈተናለች። ከፈተና በፊት ሰው ማስደንገጥ ምን ይጠቅማል እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ያን ያህል ለእሷ አሳቢ ከሆንኩ አምና የት ነበርኩ የሚለውን ግን መመለስ አልቻልኩም።

ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ እንዲሠራ አድርጌ አጠገቡ ቁጭ እንዳልኩ ገባች። ልትለማመድበት ልትወስደው ነበር የመጣችው። አትንኪው አልኳት።

«ምን ሆነሃል? ልጅ የታመመበት ሰው መስለሃል እኮ።»

«አምና ቆሞብሻል» አልኳት።

የጠዋቱን ወረቀት ሰጠኋት። ቁጥሮቹን በጣቷ እየተከተለች ወረደች፤ አሥራ አራተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ይሄ ስንት ደቂቃ ላይ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ሃያ ሁለት አልኳት። ፈተናው ከዚፕ ቀለል ስለሚል ትንሽ ይዘገያል እንጂ መቆሙ አይቀርም አልኩ። ከዚያ ስለ ሳህኑ፣ ስለ ዕረፍቱ፣ ስለ አሥራ አምስቱ ደቂቃ አስረዳኋት። ብዙ አወራሁ መሰለኝ። እሷ አምና ስትወጣ የነበረችበትን ጥያቄ አሁንም ታስታውሰዋለች፤ ስለ ኩላሊት ሕመምተኛ የመድኃኒት መጠን ነበር፤ መልሱን ታውቀው ነበር፤ ልትነካው ስትል ነው ቀስቱ እንቢ ያላት። ይህን የነገረችኝ ወረቀቱን እያየች ነው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«ለእኔ አትንገረኝ፤ እኔ አውቀዋለሁ» አለች። «ለእማዬ ንገራት። ያን ጊዜ እንዳልከው፣ እኔም ባለሁበት።»

እናታችን ልብስ ትተኩስ ነበር። ተከታትለን ስንገባ ሰው የሞተ ሳይመስላት አልቀረም። ቆሜ ነገርኳት። አምና ምንም የለውም ያልኩት ስህተት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ቆሟል፤ ልጅሽ አልዋሸችም፣ አልፈራችም፣ አልሸሸችም አልኳት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም፤ ማንም በአፉ ብሏቸው አያውቅም ነበር። እናታችን ካውያውን እንደያዘች ቀረች። መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው።

«አንተን አምኜ ነው እኮ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረች። «አንቺ ደግሞ ለምን አልተከራከርሽም?»

«ሚዛን ከያዘ ሰው ጋር?» አለች እህቴ። «ይልቅ ካውያውን አንሺው፤ የነገ ሸሚዜ ነው።»

ሸሚዙ ብብቱ አካባቢ ቡናማ ሆኗል። ካሜራ ብብት አያይም ብላ እናታችን መተኮሱን ቀጠለች፤ ድምፅዋ ግን ደህና አልነበረም፤ አንዱን እጅጌ ሦስት ጊዜ ተኮሰችው።

ስለ ሰባው በመቶ ለእህቴ ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። እሷ የምትቸኩል ሰው ናት፤ ደረጃ ሁለት ሁለቱን ነው የምትወጣው። ፈጣኑን መርጠህ አስመዝግበህ አሁን ቀስ እንዲል ልታደርገው ነው ወይ አለች። አዎ አልኳት። ያን የእንቁላሉን ተረት ልታመጣብኝ እንዳይሆን አለችኝ፤ በእውነት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። በምትኩ አዲሱን ወረቀት አሳየኋት፤ መቶ ሠላሳ ስምንት ከላይ እስከ ታች። አሁንም ከጉማሬ እንደሚፈጥን ነገርኳት፤ ይህን ለእናታችን እንዳንነግራት ተስማማን። የቀረውን ቀን በጉማሬ አጠናች። ምላጭ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ያለ ዕረፍት ሠራ፤ እኔም አብሬው አላረፍኩም። የመጨረሻው ቁጥር መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ነበር።

ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቀረሁ። ሦስት ሰዓት ላይ በሯ ተዘጋ። እናታችን ሳሎን ውስጥ የታጠፈ ልብስ እየዘረጋች እንደገና ታጥፋለች። እኔ ከኮሪደሩ እስከ ወጥ ቤት ደርሼ እመለሳለሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ጣውላ የሚንቋቋበትን ቦታ እየዘለልኩ። ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ አለፈ። ሠላሳ አምስተኛው አለፈ። አርባኛው ላይ ከላይ የሚኖረው ጎረቤት ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት ጀመረ፤ እናታችን ነጠላ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታደርግ ወጣች፤ ምን እንዳለችው አላውቅም፣ ምስማሩ እስከ ግማሽ ድረስ ገብቶ የቀረ ይመስለኛል። ከጀመረች አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሲሆናት ከክፍሏ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። በሩ አልተከፈተም። ወንበሩ ተመልሶ ተሳበ።

እዚያ ኮሪደር ላይ የምሰማው ነገር ጸጥታ ብቻ ነበር። በትክክል ለክቼ እንደሆን እጠራጠር ጀመር። ትናንት ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር፣ ዛሬ ፀሐይ ገብቶበታል። ትናንት ካሜራው አልተከፈተም ነበር። ትናንት ዚፕ ነበር፣ ዛሬ ፈተና ነው። ሦስት ሰዓት ለካሁ እንጂ ሦስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ አልለካሁም። ሚዛን የሚይዝ ሰው ማድረግ የሌለበትን አደረግኩ፤ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። እናታችን ከኋላዬ መጥታ በኮሌታዬ ጎተተችኝ።

ስድስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ወጣች። ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል። እናታችን የአንድ ፎጣ ጫፍ ይዛ ቆማለች።

«አልቆመም» አለች እህቴ። ትንፋሽ ወሰደች። «እስከ መጨረሻው ሄደ። አሁን ብወድቅ የራሴ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር በደስታ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ፊቷ ላይ ግን ያየሁት ደስታ ነበር፤ ወይም ከደስታ ጎን የሚቀመጥ ነገር። ውጤቱ የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው አለች፤ ስንቱን እንደ መለሰች ልትቆጥርልን ጀመረችና ሃያኛው ላይ ተወችው። እናታችን ምግብ አቀረበች፤ ቆማ በላች። ተቀመጪ እንጂ ተባለች፤ ሦስት ሰዓት ተቀምጫለሁ አለችና ሳህኑን ሳትጨርስ፣ ቡናማውን ሸሚዝ ሳትቀይር ወጣች። በመስኮት ስናያት ዳገቱን እየወጣች ነበር፤ ወዴት እንደምትሄድ አልነገረችንም፤ የሚሄድበት ቦታ ያለው ሰው ግን እንደዚያ አይፈጥንም፤ እንደዚያ የሚፈጥነው የተፈታ ሰው ነው።